በስሙ የተፈረደበት መድኃኒት

ሰሞኑን ደብረ ታቦር ውስጥ ስለ ሴቶች ጤና በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ የጤና ባለሙያ ተነሥተው «ለወር አበባ የድብርት መድኃኒት ማዘዝ ሴቶቻችንን እብድ ማድረግ ነው፤ ሲወልዱ ይተዋቸዋል» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ጋሳይ አካባቢ፣ ሦስት ልጅ ወልዳ ዛሬም አበባዋ ሊመጣ ሲል ልጆቿን ለእናቷ ሰጥታ በር ዘግታ የምትተኛ ሴት አውቃለሁ። ጠበል ተጠምቃለች። ሐኪም ዘንድ ግን እብድ ናት እንዳትባል ፈርታ አልሄደችም። የባለሙያው ንግግር ያንገበገበኝ ለዚህ ነው።

መከራከሪያቸው የመድኃኒቱ ስም ብቻ ነው። አሚትሪፕትሊንም የድብርት መድኃኒት ነው። ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬን በየቀኑ ይታዘዛል፤ እብድ አደረጋችሁኝ ብሎ የተቆጣ ወንድ ግን አላጋጠመኝም። ለራስ ምታት ሲሆን መድኃኒት፣ ለሴት ሲሆን ስድብ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ባለሙያው ያወገዙት ዓይነት መድኃኒት፣ ፍሉኦክሴቲን (በንግድ ስሙ ፕሮዛክ)፣ ለድብርት ሲሰጥ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ከወር አበባ በፊት ለሚመጣው ከባድ ሕመም ግን በቀናት ውስጥ ይሠራል። ስለዚህም አንዳንዷ ሴት ወሩን ሙሉ አትውጠውም፤ አበባዋ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀር ጀምራ ሲመጣ ታቆማለች። ድብርት እንዲህ አይታከምም። ይህን ልዩነት ባለሙያው አያውቁትም ማለት ይከብደኛል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ መድኃኒቱን ለዚሁ ሕመም ስትፈቅድ አምራቹ ኤሊ ሊሊ ያንኑ ፕሮዛክ ሳራፌም በሚል አዲስ ስም ገበያ አወጣው፤ የፕሮዛክ የባለቤትነት መብት ሊያበቃ የቀረው ጥቂት ጊዜ ነበር። ስግብግብነት ነው፤ እኔንም ያስቆጣኛል። የነጋዴው ስግብግብነት ግን የሴቲቱን ሕመም ሐሰት አያደርገውም።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሜቷን በየዕለቱ የጻፈችበትን ደብተር አሳይታኛለች። የዚህ ሕመም ምርመራ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ቢያንስ ለሁለት የወር አበባ ዙር ስሜትን በየዕለቱ መመዝገብ። ለቅሶ፣ ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንድ ማታ ላይ ደግሞ «መኖር አስጠላኝ»። አበባዋ ከመጣ ከሁለት ቀን በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። በሚቀጥለው ወር ያው ጽሑፍ፣ ያው ባዶ ገጽ። ይህን ደብተር ገልጦ «ጸባይ ነው» የሚል ሰው ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አላውቅም። እሷ ብቻም አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ሴት ተማሪዎች 37 ከመቶው ከወር አበባ በፊት በሚመጣ ሕመም ይቸገሩ ነበር፤ ከትምህርት የሚቀሩ፣ ፈተና የሚያመልጣቸውም ነበሩ።

ሆዷ ለተነፋና ትንሽ ለተነጫነጨች ሁሉ ፍሉኦክሴቲን ይታደል አላልኩም። ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ የፍትወት ስሜትን ይቀንሳል፤ ወጣቶች ሲጀምሩት በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። ባለሙያው ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቢያነሡ ኖሮ እከራከራቸው ነበር እንጂ አልቆጣም ነበር።