አይተን የተፋናቸው

ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የተናደድኩት በእኩዮቼ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን በራሴ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ስደቡኝ።

ባለፈው መስቀል ቡታጅራ ነበርኩ። መስቀል ሲሆን ከየትም ይሁን ከየት ሰው ይሰበሰባል። ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ እኛ በዕድሜ ገፋ ያልነው ወንዶች የልጅነት ወግ ጀመርን። ወጉ ዞሮ ዞሮ ቪዲዮ ቤት ደረሰ።

ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ቡታጅራም ወልቂጤም ሲኒማ ቤታችን እሱ ነበር። አንድ ጭለማ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ። በር ላይ መጋረጃ፣ ውጭ ድምፅ ማጉያ። ቀን የህንድና የካራቴ ፊልም ይታያል። ማታ፣ ልጆች ከወጡ በኋላ፣ ዋጋው ጨመር ይልና «ልዩ» የሚባለው ይገባል። ልዩው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጋቢ ተከናንበን ገብተን ጋቢ ተከናንበን እንወጣ ነበር።

ታዲያ በመስቀሉ ቀን ይሄን እያነሳን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የተዋናዮቹን ስም እንኳ የሚያስታውስ አልጠፋም። በዚሁ ሳቅ መሀል የአንዱ ወዳጄ ልጅ ቡና ይዛ ገባች። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። «ምን ልትማሪ አሰብሽ?» ስላት ቀስ ብላ «ቴአትር» አለች። አባቷ ገና ከሳቁ እንባውን እየጠረገ ነበር። በአንዴ ፊቱ ተቀየረ፦ «የኔ ልጅ አዝማሪ አትሆንም! እንደነዛ ባለጌዎች ማንም አያያትም!»

እንደነዛ ባለጌዎች። ማን ነው ያያቸው? እኛ አይደለንም እንዴ?

ማንም አልመለሰም። እኔም ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሩቅ አገር ወስጄ ልመልሳችሁ። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ሂሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ናቸው። ቋንቋቸው ማላያላም ነው። በዚያ አገር በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ቀን ተቀርጾ ለአዋቂ ወንድ የሚሸጥ የፊልም ዓይነት ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ሻኪላ የምትባል ተዋናይ የሠራችው «ኪናራ ቱምቢካል» ሲወጣ ገበያው ፈነዳ። ትልልቅ ኮከቦች ያሉባቸው ፊልሞች ባዶ ወንበር ሲያዩ፣ የሷ ፊልም የሚታይበት አነስተኛ አዳራሽ ይሞላ ነበር። ያተረፈው አምራቹ፣ አከፋፋዩና አዳራሽ ያለው ነው። ስድቡ ለሷ ደረሰ።

ይባስ ብሎ «ቱንዱ» የሚባል ነገር ነበር። ቃሉ ቁራጭ ማለት ነው። ፊልሙ በሳንሱር ካለፈ በኋላ ተዋናይቷ ጨርሶ ያልሠራችው የራቁት ቁራጭ መሀሉ ላይ ይቀጠላል። ተመልካቹ እሷ ናት ብሎ ይወጣል። አስቡት እስቲ፦ ባልሠራችው ሥራ፣ ሌላ ሰው ባተረፈበት፣ እሷ ባለጌ ተባለች።

ከሷ በፊት ሲልክ ስሚታ ነበረች። ከድሃ ቤት ወጥታ፣ ትምህርቷን በልጅነት አቋርጣ፣ ሜካፕ ከመንካት ተነስታ ከ450 በላይ ፊልም ላይ እንደታየች ይነገራል። ፊልም አልሸጥ ሲል የሷ አንድ ጭፈራ ይጨመርበት ነበር። በመስከረም 1996 እ.ኤ.አ. በ35 ዓመቷ ማድራስ ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። በ2011 እ.ኤ.አ. ከሷ ሕይወት የተቀዳ የሚባል ትልቅ ፊልም ተሠራ፤ እሷን መስላ የተጫወተችው ተዋናይት የህንድን ብሔራዊ ሽልማት ወሰደች። ሴትዮዋ በቁሟ ተተፋች፣ ታሪኳ ተሸለመ።

«ያው የብልግና ፊልም ስለሠሩ ነው» እንዳትሉኝ። በመጀመሪያው የማላያላም ፊልም፣ በድምፅ አልባው ዘመን፣ ፒ. ኬ. ሮዚ የምትባል ከዝቅተኛ መደብ የመጣች ሴት የከበርቴ ቤት ሴት ሆና ተጫወተች። ብልግና የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሕዝቡ ግን መጋረጃው ላይ ድንጋይ ወረወረ፤ ቤቷ ተቃጠለ፤ አገር ጥላ ሸሸች። ደግሞም ጨዋ የተባለው ሲኒማ የነሻኪላን ፊልም ሲጸየፍ ኖረ፤ የኬረላ መንግሥት ያቋቋመው የሄማ ኮሚቴ ሪፖርት በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ግን እዚያው ጨዋው ሰፈር ውስጥ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጾታዊ ጫና ተዘርዝሮ ተገኘ። ቆሻሻው ስክሪኑ ላይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። እኛስ? በኛ የቴአትር ጅማሬ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበራ። አስናቀች ወርቁ ያን ነውር ተሸክመው ከወጡት ቀዳሚዎች አንዷ ናት። ክራር ደርድራለች፣ ዘፍናለች፣ ተውናለች። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ድንጋይ ሲወረውሩባት ኖራለች። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ስታርፍ ግን ስንቱ ነው «የጥበብ እናት» ያላት! ክራሯን ፈረንሳዮች በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ አሳትመው ለዓለም አስደምጠዋታል። እኛ የምናከብረው ከቀበርን በኋላ ነው።

ወንዱ ሲሆንስ? ማሕሙድ አህመድን «የኛ ልጅ» ብለን ደረታችንን እንነፋለን፤ ይገባዋልም። ግን ያው መድረክ፣ ያው ማይክ፣ ያው ሌሊት ነው። ለሱ ሙያ የሆነው ለሷ እንዴት ብልግና ሆነ?

ደግሞ በየቃቄ ውርድወት እንምላለን። በአንቂት ሥርዓት ታስረው ለነበሩ ሴቶች በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ተከራከረች እያልን እንኮራለን። ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ሲቀርብ አጨብጭበናል። ልጠይቃችሁ፦ ውርድወትን መድረክ ላይ ያመጣት ማን ነው? ተዋናይት አይደለችም? ልጆቻችን ሁሉ «አዝማሪ አይሆኑም» ከተባለ ውርድወትን ማን ይጫወታት? እንደ ድሮው ወንድ ቀሚስ ይልበስ?

አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ፣ ታዲያ ልጅህን የራቁት ፊልም ላይ ታሠራለህ?» ትሉኛላችሁ። አላሠራም። እነዚያ ፊልሞች ጥሩ ናቸው አላልኩም። ብዙዎቹ ከድህነት ተስበው የገቡ፣ ተታለው የቀሩ ናቸው። የምለው ሌላ ነው፦ ኃጢአት ካለ እንካፈለው። የሸጠው፣ ያከፋፈለው፣ ያሳየው፣ ከፍሎ የገባው ሁሉ ድርሻውን ይውሰድ። ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰውዬ ዛሬ የዕድር ዳኛ ነው። እኛ ሽማግሌ ተብለን ምራቅ ተፍተን እንመርቃለን። የዕዳው ባለቤት እሷ ብቻ የሆነችበት ሂሳብ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?

የራሴን ልጨምር፣ አለዚያ ውሸታም ነኝ። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኤች አይ ቪ ክበብ ድራማ ሠራን። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ የቡና ቤት ሴት ሆና ተጫወተች፤ አዳራሹን አስለቀሰችው። አብሯት ደንበኛ ሆኖ የተጫወተው ልጅ በማግስቱ ጀግና ተባለ። እሷን በገጸ ባሕርይዋ ስም መጥራት ጀመሩ፤ ከክፍል እስከ መንገድ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሲቀለድ ሰምቼ ፈገግ ብያለሁ። አዎ፣ ፈገግ ብያለሁ። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች። ድራማውን ደግሞ የመረጥኩላት እኔ ነበርኩ።

ይሄን ካነበብሽ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ያኔ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የመስቀሉን ወዳጄንም ደወልኩለት። «ልጅቷ ቴአትር ትማር፤ ከፈራህ አብረሃት ሂድና ቁጭ ብለህ እያት» አልኩት። «እስቲ እናያለን» አለኝ። እምቢ አላለም።

እናንተ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ አባትና እናት ናችሁ። አንዲት ተዋናይት ላይ አንድ ቃል ልትጽፉ ጣታችሁ ሲነሳ በመጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፦ ካላየኋት በምን አወቅኋት?