ጠያቂ ማስገባት ውለታ አይደለም

በጅግጅጋም ሆነ በቀብሪ በያህ፣ በቶግ ውጫሌም ሆነ በሃርት ሼክ፣ ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ዝም በሉ። ብትመላለሱ ይብስበታል።» ምክሩን የሚሰጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጎረቤት ነው፣ አጎት ነው፣ የጎሳ ሽማግሌ ነው። አንዳንዴ ራሱ የጣቢያው ፖሊስ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ይናገረዋል። ከበሩ ወዲያ ደግሞ የዚህ ምክር መንትያ የሆነ ሌላ አመለካከት ሥር ሰዷል፦ እስረኛን ከዘመዱ ጋር ማገናኘት ኃላፊው ደስ ሲለው የሚሰጠው፣ ሲከፋው የሚነሳው ውለታ ነው የሚል። ሁለቱ ተደጋግፈው ይኖራሉ። እኔ የምቃወመው ሁለቱንም ነው፤ ሲገናኙ ምን እንደሚወልዱ ጅግጅጋ በዓይኗ አይታለችና።

ሂዩማን ራይትስ ዎች «እንደ ሙታን ነን» በሚል ርዕስ በሶማሌ ክልል ጅግጅጋ ስለነበረው እስር ቤት፣ ስለ ጄል ኦጋዴን፣ ያዘጋጀውን ሪፖርት ሰኔ 27 ቀን 2010 ዓ.ም. አወጣ። ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎችን አነጋግሮ ነበር፤ ከእነሱ ውስጥ 70ዎቹ በዚያ እስር ቤት ያለፉ ናቸው። አብዛኞቹ እስረኞች ከኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ጋር ግንኙነት አላችሁ ተብለው የተያዙ፣ ክስ ያልቀረበባቸው፣ ፍርድ ቤት ያልወሰነባቸው ነበሩ። ድብደባው፣ ሴቶችን መድፈሩ፣ በሌሎች ፊት ራቁት ማቆሙ፣ ረሃቡ፣ ሌሊት ሌሊት «ግምገማ» እየተባለ በግዳጅ የሚደረገው ኑዛዜ፣ እናቶች ያለ ሐኪም በክፍላቸው ውስጥ መውለዳቸው፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ሪፖርቱን ያነበበ ሰው የሚያስታውሰው ይህንን ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የተደረገ አንድ ነገር አለ፤ በሩ ለቤተሰብ ተዘጋ። የቀረው ሁሉ የተቻለው ያ ከሆነ በኋላ ነው።

በሩ ክፍት ሆኖ እናት በየሳምንቱ ልጇን ብታይ ኖሮ ያ ሁሉ ለዓመታት ሊቀጥል አይችልም ነበር ስል፣ ተቆጣጣሪ አካል መች ጠፋ የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አልጠፋም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በእነዚያ ዓመታት ወደ ጄል ኦጋዴን ገብቷል፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። የቀድሞ እስረኞች እንደተናገሩት ግን ኮሚሽኑ ሊመጣ ሲል የቆሰሉትና የታመሙት ይሸሸጋሉ፣ የቀሩት ምን ማለት እንዳለባቸው ይነገራቸዋል። ጎብኚው የተዘጋጀለትን አይቶ ይመለሳል። ቀጠሮ ያለው፣ መኪና ይዞ የሚመጣ፣ በክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚቆጥር ተቆጣጣሪ እንዲህ ሊታለል ይችላል። አንዲት እናት ግን የምትፈልገው አንድ ፊት ነው። ያንን ፊት በሌላ ሰው ሊተኩባት አይችሉም።

በአገራችን ስንቅ ማድረስ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እናት በማለዳ ተነስታ ሩዙን በሥጋ ትሠራለች፣ ሻዩን በፔርሙስ ትቀዳለች፣ የግመል ወተት ካገኘች ትጨምርበታለች። በሩ ላይ የእሷና የምትጠይቀው ሰው ስም ይመዘገባል። ሩዙ በማንኪያ ይገለባበጣል። «ቅመሺው» ትባላለች፣ ትቀምሳለች፤ ከወተቱም ትጎነጫለች። ሳህኑ ይገባል፣ እሷ አጥሩ ሥር ቁጭ ትላለች። ባዶው ሳህን ሲወጣላት ደግሞ የራሷን ፍተሻ ትጀምራለች። ልጇ ነው የበላው? አጥንቱን እንዴት አድርጎ እንደሚተው ታውቃለች። ለአጠባ የወጣ ልብስ ካለ እያገላበጠች ታየዋለች። ሸሚዙ የእሱ ነው? ደም አለበት? እጅጌው ለምን ተቀደደ? ይህን ያህል በትኩረት የሚመረምር ባለሙያ በየትኛውም ኮሚሽን የለም። ደመወዝ አትጠይቅ፣ ቀጠሮ አታስይዝ፤ ነገም ትመጣለች።

ለዚህ ነው ማሰቃየት የፈለገ መንግሥት መጀመሪያ እሷን ከበሩ የሚያባርራት። በደርግ ዘመን፣ በቀይ ሽብር ወቅት ብዙ ቤተሰብ የልጁን መገደል ያወቀው ስንቅ ይዞ ሄዶ «ከእንግዲህ አታምጡ» ሲባል ነው። አስከሬን አልተሰጠም፣ ወረቀት አልተጻፈም። ምግቡ ተመለሰ፣ በቃ። በዚያ ጭለማ ጊዜ እንኳ ሳህኑ እውነቱን ተናግሯል። ጄል ኦጋዴን ያችን ምልክት እንኳ የነፈገ ቦታ ነበር፤ ልጇ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ዓመታት ያለፉባት እናት በክልሉ ብዙ ናት።

ሌላው ዓይንም ቀድሞ ተነቅሎ ነበር። የእስረኞችን ሁኔታ የሚያየውና ከቤተሰብ ጋር የተቆራረጡ ሰዎችን መልእክት የሚያደርሰው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሐምሌ 1999 ዓ.ም. በ7 ቀናት ውስጥ ከሶማሌ ክልል እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የቀረው ዘመድ ብቻ ነው። ዘመዱንስ ምን አገደው?

ፍርሃት ነው የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በወቅቱ የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበረው አብዲ መሐመድ ዑመር፣ ሕዝቡ አብዲ ኢሌ የሚለው፣ አውስትራሊያ ሄዶ ሳለ በሜልበርን የተቃውሞ ሰልፍ ተደረገበት። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው የሰልፈኞቹ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች እዚህ ክልሉ ውስጥ ታሰሩ። ሜልበርን የጮኸ ሰው ዋጋውን እናቱ ጅግጅጋ ላይ ከፈለችለት። ከዚያ በኋላ ውጭ ያለው ዘመድ አፉን ዘግቶ በሐዋላ ገንዘብ መላክ ብቻ ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም።

የምፈርደው ያ ፍርሃት ካለፈ በኋላም ምክር ሆኖ በቀጠለው ልማድ ላይ ነው። «ዝም ካላችሁ ይለቁታል» የሚለው ነገር ተፈትኖ ወድቋል። የጄል ኦጋዴን ቤተሰቦች እኮ ዝም ብለው ነበር። አብዛኞቹ በሩ አጠገብ አልደረሱም፣ ጋዜጣ አልጠሩም፣ ፍርድ ቤት አልሄዱም። ዝምታቸው ማንን አስፈታ? አሳሪው የተማረው ማንም እንደማይጠይቅ ነው።

የሽማግሌውንም ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ቅር የሚለው ቢኖርም። በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ገራዱ፣ ኡጋዙና ሱልጣኑ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ደም ፈሶ ማግ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ የሚከፈለው፣ የግጦሽና የውኃ ጠብ የሚበርደው በእነሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመደበኛው ፍርድ ቤት ቀድመው ይደርሳሉ። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የተበጀው ሁለት ወገኖች ሲጣሉ እኩል ተቀምጠው እንዲታረቁ ነው። የታሰረ ሰውና ያሰረው መንግሥት እኩል አይቀመጡም። ሽማግሌ ገብቶ እስረኛ ሲፈታ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ አሳሪው ግን ባለውለታ ሆኖ ይወጣል። ለምን እንደታሰረ፣ በማን ትዕዛዝ እንደተያዘ፣ ለምን እንዳይጠየቅ እንደተከለከለ ሳይነሳ ይቀራል። «ይቅር ተባብለናል» ይባላል። ያጠፋው ማን ሆኖ ነው ይቅር የተባለው? ሽማግሌዎቹ ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ከማስፈታቱ በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ እናቱ ዛሬ ትየው።

ስንቅ የማድረስ ልማዳችንን ስናሞግስም አንድ ነገር ይዘነጋናል። መልካምነቱ አያከራክርም። በሱረቱል ኢንሳን ለድኻና ለየቲም ከማብላት ጋር ምርኮኛን ማብላት አብሮ ይወደሳል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታሰረን መጠየቅ ከዋነኞቹ የጽድቅ ሥራዎች ተቆጥሯል። «አላህ ያስፈታህ»፣ «እግዜር ያስፈታህ» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። ይሁን እንጂ መንግሥት ይህን ደግነት በጀት አድርጎታል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በየዓመቱ በሚያወጣው የሰብዓዊ መብት ሪፖርት ለአንድ እስረኛ ለምግብ፣ ለውኃና ለሕክምና በቀን 9 ብር ገደማ ይመደብ እንደነበር ለዓመታት ጽፏል። በ9 ብር ሰው አይኖርም፤ የኖረው በዘመድ ሳህን ነው። እንግዲህ ከቤተሰቡ ምግብ እየጠበቀ ቤተሰቡን በሩ ላይ የሚያመናጭቅ እስር ቤት ውለታ የሚቆጥረው በማን ላይ ነው? ዘመድ የሌለውስ፣ ወይም ዘመዱ ጎዴና ቀብሪ ደሃር ሆኖ እሱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ጅግጅጋ የታሰረው?

ሕጉ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘትና በእነሱ የመጎብኘት ዕድል እንዲኖረው ያዛል። «ኃላፊው ከፈቀደ» የሚል ሐረግ የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች ደግሞ ይበልጥ ይዘረዝሩታል። ደንብ 43 ከቤተሰብ ጋር መገናኘትን መከልከል የዲሲፕሊን ቅጣት ሊሆን አይችልም ይላል፤ ለጸጥታ ሲባል የመገናኛው መንገድ ሊገደብ የሚችለውም ለተወሰነ ጊዜና የግድ አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ደንብ 59 እስረኛ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ ይታሰር ይላል። ደንብ 68 ሰውየው መታሰሩን፣ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩን፣ በጠና መታመሙን ለቤተሰቡ ወዲያው የማሳወቅ መብት ይሰጠዋል።

መርማሪዎች የሚያነሱትን ክርክር ሰምቻለሁ፤ «ጠያቂ ከገባ ምስጢር ይወጣል፣ ማስረጃ ይጠፋል» ይላሉ። ይህ ስጋት እውነት የሚሆንበት ጉዳይ ይኖራል። መፍትሔው ግን ፖሊስ አጠገባቸው ቆሞ እንዲገናኙ ማድረግ ነው፤ ቢበዛ ደግሞ በጉዳዩ ላይ ዳኛ ቀን ቆርጦ ይወስን። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ያለው ለዚህ ለዚህ ነው። እናት ልጇን በዓይኗ አይታ «ደህና ነህ?» ብትለው የሚጠፋ ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ድብደባው አልነበረም የሚለው ነው።

ነገሩ የሶማሌ ክልል ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በ2006 ዓ.ም. መባቻ ቃሊቲ ታስራ የነበረችው ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ ከወላጆቿና ከንስሐ አባቷ በቀር ማንም እንዳይጠይቃት ተከልክላ የረሃብ አድማ አድርጋለች። በ2015 ዓ.ም. የክረምት ወራት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ከአዲስ አበባ የተያዙ ሰዎች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አዋሽ አርባ ተወስደዋል። ዘመን፣ ክልልና ፓርቲ ቢለዋወጥም በሩ ላይ የሚሰጠው መልስ ያው ነው፦ «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ተመለሱ፣ ከላይ የመጣ ትዕዛዝ ነው።»

ጄል ኦጋዴን በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘግቷል። አብዲ መሐመድ ዑመር ነሐሴ 2010 ተይዞ ከ5 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ክሱ ተቋርጦ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ተፈቷል። ለማስታወስ ያህል፣ የቀረበበት ክስ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ ከተነሳው ሁከት ጋር የተያያዘ ነበር። በጄል ኦጋዴን ግቢ ውስጥ ለዓመታት የተፈጸመው ነገር፣ እነዚያ በር ላይ የተመለሱ እናቶች በተገኙበት፣ ከላይ እስከ ታች በችሎት ተመርምሮ አልተዘጋም። ሕንፃውን ባዶ ማድረግ ቀላሉ ሥራ ነበር። በየወረዳው ጣቢያ «ጠያቂ አይገባም» የሚል ፖሊስ እስካለና ሕዝቡም «እሺ ጌታዬ» ብሎ እስከተመለሰ ድረስ ሌላ ግቢ መገኘቱ አይቸግርም።

ስለዚህ ለክልሉ ምክር ቤትና ለፖሊስ ኮሚሽኑ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። እያንዳንዱ ጣቢያና ማረሚያ ቤት የያዘውን ሰው ስም፣ የተያዘበትን ቀንና የተዛወረበትን ቦታ ቤተሰብ ሊያየው በሚችል መዝገብ ይጻፍ። ጠያቂ የከለከለ ኃላፊ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፣ ስሙን ይፈርምበት፤ መፈረም ያልደፈረ ይክፈት። ከጎዴና ከዋርዴር ወደ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ አዲስ አበባ የሚወሰድ እስረኛ ቢያንስ ስልክ ይደውል።

ዘመዱ የታሰረበት አንባቢ ካለ ደግሞ፣ ዛሬውኑ ሂድ። ብቻህን አትሂድ፤ እናቱን፣ ጎረቤቱን፣ ሽማግሌውን ይዘህ ሂድ። ከተመለስክ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመለሰህን ፖሊስ ስም ጻፍ። ጠበቃ ካገኘህ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ እንዲያቀርብልህ ጠይቀው፤ ካላገኘህ ራስህ ወደ ፍርድ ቤት ሂድ፣ በጅግጅጋ ወዳለው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤትም አመልክት። ነገም ተመለስ። በሩ ላይ ስትደርስ «ይፈቀድልኝ» አትበል፤ «ወንድሜን አሳዩኝ» በል።