«ስታቲክ ነው እንዴ?»

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድ የአይሲቲ ኃላፊ ቢሮ ገብቼ፣ ለመሥሪያ ቤታቸው የሠራሁትን ድረ ገጽ በራሳቸው ስልክ ከፍቼ አሳየኋቸው። ኔትወርኩ ሲደክም የዋለበት ቀን ነበር፤ ገጹ ግን ነካ ከማድረጋቸው መጣ። የሚሰጡት አገልግሎት፣ ለያንዳንዱ አገልግሎት ባለጉዳዩ ይዞት መምጣት ያለበት ማስረጃ፣ ክፍያው፣ የቢሮ ቁጥሩ፣ ስልኩ፤ አንዱ ገጽ በአማርኛ፣ ሌላው በሀዲይሳ። ወደ ታች ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረጉና «ስታቲክ ነው እንዴ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ወንድሜ፣ ይሄማ የተማሪ ሥራ ነው። እኛ የምንፈልገው ዳሽቦርድ ያለው፣ ሎግ ኢን የሚደረግበት፣ ደረጃውን የጠበቀ ነው።»

የፈለጉትን ሌላ ባለሙያ ሠራላቸው። ከላይ የሚፈራረቁ ፎቶዎች፣ ዜና መለጠፊያ፣ አስተያየት መስጫ፣ የጎብኚ መቁጠሪያ ነበረው። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው አድራሻውን ስከፍት ያገኘሁት ክፍያው እንዳልታደሰ የሚናገር የእንግሊዝኛ ገጽ ነው። እስኪዘጋ ድረስ ከምርቃቱ ዕለት ዜና ሌላ የተለጠፈ ነገር አልነበረም።

ይህን የማነሳው ሥራውን ስላጣሁ አይደለም። ይኸው ንቀት ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ በየቢሮው፣ በየኮሌጁና በየሆቴሉ ይሰማል። ዳታቤዝ ከሌለው ድረ ገጽ አይባልም ተብሎ ታምኗል። የከተሞቻችንን ድረ ገጾች አንድ በአንድ የሚገድላቸው ይህ እምነት ነው።

ስታቲክ ድረ ገጽ ማለት አንዴ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፋይል ነው። ሰው ሲጠይቅ ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ ያቀብላል፣ በቃ። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰርን የምርምር ማዕከል የከፈተው የዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ እንዲህ ያለ ነበር። ዎርድፕረስና መሰሎቹ የድረ ገጽ መሥሪያዎች ላይ ግን በተለምዶ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ፕሮግራም ይነሣል፣ ዳታቤዝ ይጠየቃል፣ ገጹ ከባዶ ተገጣጥሞ ይላካል። ከሰዓት ሰዓት ለሚለዋወጥ ነገር ይህ የግድ ነው። በዓመት አንዴ ለሚቀየር የአገልግሎት ዝርዝር ግን ምን ያደርጋል? በሀዲያም ሆነ በከምባታ እንግዳ በር ላይ ቆሞ እንሰት መፋቅ የሚጀምር ቤት የለም። እንሰቱ አስቀድሞ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ ተብላልቶ ይጠብቃል።

ስለ ክፍያው ላንሳ፤ ይህ እምነት እዚህ አገር በዋናነት የሚገድለው በእሱ በኩል ነውና። ዳታቤዝ የሚያስኬድ ሆስቲንግ ከውጭ ሲገዛ በዶላር ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ደግሞ በየኪሳችን የለም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ከአካባቢያችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ጆሃንስበርግ ያለው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ይለመናል። የመጀመሪያውን ዓመት በደስታ ይከፍላል። በሁለተኛው ዓመት ሱቁ ተዘርፎበት ይሆናል፣ ስልኩን ቀይሮ ይሆናል፣ የማሳሰቢያ ኢሜይሉንም ያላየው ይሆናል። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ኮሌጅ ለሕዝብ የሚናገርበት አፍ በአንድ ስደተኛ ካርድ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ስታቲክ ፋይልን ግን ጊትሀብ የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ካርድና ያለ ክፍያ ያስቀምጣል። ለአንድ ድረ ገጽ የሚፈቅደው እስከ 1 ጊጋ ባይት ነው፤ እኔ ለኃላፊው የሠራሁት 1 ሜጋ ባይት አይሞላም ነበር። በዶት ኢቲ (.et) የሚያልቅ አድራሻ ለሚፈልግ የሚቀረው የዶሜኑ ክፍያ ብቻ ነው፤ እሱም አገር ውስጥ በብር የሚከፈል ነው።

«ማዘጋጀቱ ይከብዳል» የሚሉኝ አሉ። ባለፈው ክረምት ዱራሜ ላይ ከአንዲት አዲስ ተመራቂ ጋር ቁጭ ብለን የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ድረ ገጽ ሠርተናል። መሣሪያው ሁጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ አንድ ፋይል ብቻ አውርደው የሚሠሩበት። ጄኪል የተባለውን ያልመረጥነው ሩቢ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ተከታዮቹን ማውረድ ዳታችንን ስለሚበላው ነው። ቴምፕሌት መረጥን፤ ቀለሙን ከኮሌጁ አርማ ጋር አስማማን። የድሮ ሰነዶቻቸው ገሚሱ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተተየበ ስለነበር ወደ ገጹ ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ሆነ፤ እሱን እንደገና መተየብ ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደብን። ፊደላችን በዩኒኮድ ከተካተተ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ቢሮዎቻችን ዛሬም በአሮጌው መተየባቸው ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው።

ገጹን ኢንተርኔት ላይ ስንለቀው ዕርቃኑን ወጣ። ላፕቶፑ ላይ ያማረው ድረ ገጽ ስልክ ላይ ቀለም የለው፣ ምስል የለው፣ ጽሑፉ በግራ በኩል ተደርድሮ ቀረ። ልጅቷ ደነገጠች። የድረ ገጹ ቅንብር ያለበትን፣ ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል ከፍተን ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር አነበብነው። ቤዝ ዩአርኤል ከሚለው ፊት ያለው አድራሻ የፎልደሩ ስም ይጎድለዋል። ቀለሙን የሚያመጣው ፋይል በቦታው አለ፤ ገጹ ግን በተሳሳተ ደጃፍ እያንኳኳ ነበር። እሷ ራሷ አየችው፣ ጨመረችበት፣ መልሳ ላከችው። ከደቂቃ በኋላ ስልኳን ስታድስ ገጹ ቀለሙን ለብሶ መጣ። ይህን ስህተት በዚህ ሥራ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ሁለተኛ አያስቸግርም።

የኮንፊግን ጥቅም ያየሁት ግን ክልሉ ሲለወጥ ነው። በነሐሴ 2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና መቀመጫው ስትሆን የየቢሮው ማኅተም፣ ታፔላና የደብዳቤ ራስጌ ሁሉ መቀየር ነበረበት። እኔ በሠራሁት ስታቲክ ገጽ ላይ የክልሉ ስም የተጻፈው በኮንፊጉ ውስጥ አንድ ቦታ ነው። ያንን መስመር አስተካክሎ እንደገና መገንባት ብቻ ነው፤ ሁሉም ገጽ ላይ ስሙ ይቀየራል። የዚያ የሆሳዕናው ኃላፊ መሥሪያ ቤት ዘመናዊ ድረ ገጽ ግን «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሚለውን ከላይ ባለው ፎቶ ላይ አትሞት ነበር። ዳሽቦርዱ ተሠርቷል፤ ፓስወርዱ ግን ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረው ባለሙያ ጋር ሄዷል። የድሮ ክልሉን ስም እንደያዘ ተዘጋ።

ደኅንነቱስ? በሰኔ 2012 ከግብፅ የተነሡ ጠላፊዎች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ አስታውቆ ነበር። ሎግ ኢን ያለው፣ ተጨማሪ ፕለጊን የተሸከመ፣ ለዓመታት ያልታደሰ ድረ ገጽ በሩን ከፍቶ የተኛ ቤት ነው። ስታቲክ ገጽ የሚሰበር ዳታቤዝም፣ ለሕዝብ የተከፈተ ሎግ ኢንም የለውም። የባለቤቱን የጊትሀብ ፓስወርድ መጠበቅ ግን ግዴታ ነው።

ድረ ገጹ የሞተበት መሥሪያ ቤት ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ይሸሻል። ይህ ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ማኅበራዊ ሚዲያው ሲታገድ ቪፒኤን የማያውቅ ባለጉዳይ የቢሮውን ማስታወቂያ ከየት ያግኝ? እገዳ በሌለበትም ጊዜ ቢሆን የምዝገባ መስፈርቱ በበዓል መልካም ምኞትና በስብሰባ ፎቶ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ማስታወቂያ ለፌስቡክ ይሁን፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚገኝ መረጃ ግን የራሱ ገጽ ያስፈልገዋል።

የሚነሳውን ጠንካራ ተቃውሞ አልሸሽም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪ ውጤት፣ ሆስፒታል ለሕሙማን መዝገብ ዳታቤዝ ያስፈልገዋል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያም ጊት የተባለውን የፋይል ለውጥ መከታተያ በአንድ ጀምበር አይለምድም፤ ይህም እውነት ነው። ግን ጽሑፉ ያለበትን ፋይል ከስልክ ብሮውዘር ከፍቶ ዋጋ ማስተካከልና ሴቭ ማድረግን ሁለት ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ማሰልጠን ይቻላል፤ ዳሽቦርድ ተገዝቶ ማንም ሳይገባበት ከሚዘጋ ይህ ይሻላል። መረጃው ውጭ አገር መቀመጡ የሚያሳስበውም ፎልደሩን አንሥቶ አገር ውስጥ ባለ በማንኛውም ሰርቨር ላይ ማኖር ይችላል፤ ፋይል ነውና የትም ይገባል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከሆመቾ በጠዋት ተነሥታ፣ የትራንስፖርት ከፍላ፣ ሰልፍ ይዛ መስኮቱ ጋ የደረሰች እናት ጉዳይ ነው። «የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ ሁለት ያስፈልጋል፣ ነገ ይዘሽ ነይ» ትባላለች። ልጇ ስልክ አለው፤ ማታውኑ አይቶ ሊነግራት ይችል ነበር። መስፈርቱ የሚነበበው ግን የቢሮው በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው። ለኃላፊው ያሳየሁት ፎልደር ዛሬም ፍላሼ ውስጥ አለ። የክልሉን ስም አስተካክዬበታለሁ፤ ኮፒ ሁለት የሚለውም በአማርኛና በሀዲይሳ ተጽፏል።