ቴክናይ ከመጥራታችን በፊት

«ጨዋታው አልከፍት አለኝ፤ አዲስ ኮምፒዩተር ግዙልኝ።» ክርያት ሞሼ ውስጥ ይህን ከልጁ ያልሰማ ወላጅ ያለ አይመስለንም። እኛም ሰምተን ቴክናይ ጠራን። አጥፍቶ አበራው፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ።

ጥፋቱ የእኛም ነው። ኮምፒዩተር የልጆች ነው ብለን አጠገባቸው አንቀመጥም። እንደ ማይንክራፍት ያለ ጨዋታ በየቅጽበቱ አንድ ሙሉ ዓለም ስለሚስል ማሽኑን ያደክማል። መጀመሪያ የተከፈተውን ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ዘግቶ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሳት ነው። ጨዋታው ከፍቶ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ በማስተካከያው ውስጥ እይታው ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ የሚወስነውን መቀነስ ይረዳል። ጭራሽ ካልከፈተ የስዕል ካርዱን ድራይቨር ማደስ ይሞከር፤ ኢንቴልም ኤንቪዲያም በነጻ ይሰጡታል። ልጁ ይሥራ፣ እኛ አጠገቡ ሆነን «ይህ ምንድን ነው?» እያልን እንጠይቀው። ዕብራይስጡን ባናነብ እንኳ ገንዘብ ሲጠየቅ እናውቃለን!

ኮምፒዩተር በስልክ ለሚሸጡልን ደግሞ ቶሎ እሺ አንበል። ካልንም መውጫ አለ። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ የተገዛ ኮምፒዩተር ከደረሰን በኋላ ግዢውን ለመሰረዝ 14 ቀን ይሰጣል። ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ የገዛ 65 ዓመት የሞላው ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ከመጣ 5 ዓመት ያላለፈው አዲስ ዖሌ ግን 4 ወር አለው። ዕቃው ጉድለት ባይኖረውም የሚቀነስብን ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ስረዛውን በጽሑፍ እንላክ፤ ቅጂውንም እናስቀምጥ።