«እነ እገሌ ገዝተዋል»

ሰሞኑን ዶርም ለዶርም የሚዞረው ወሬ አንድ ነው፦ «አክሲዮን ግዙ፤ ተኝታችሁ ገንዘባችሁ ይወልዳል»። የምን አክሲዮን? የኩባንያውን ሒሳብ ያየ አለ? ዝም! መልሱ «እነ እገሌ ገዝተዋል» ብቻ ነው።

እኛ አክሲዮንን አንነቅፍም። «ቁማር ነው» እያሉ ከሩቅ ከሚያማትቡትም ጋር አንቆምም። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በዚያው ዓመት በጥር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተመረቀ። በሩ ተከፍቷል፤ መልካም። ግን ዓይናችንን ገልጠን ነው የምንገባው ወይስ የፊተኛውን ጭራ ይዘን?

አክሲዮን ድርሻ ነው፤ የትርፉም፣ የኪሳራውም። ኩባንያው ካላተረፈ ምን ያከፋፍለናል? ቢያተርፍስ? በ2014 ዓ.ም. ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲንር፣ 20 በመቶ የደረሰው ባለአክሲዮን ደስ አለው እንጂ አላተረፈም። በ100 ብር የገዛነው 50 ቢገባ፣ ወደ ቦታው ለመመለስ እጥፍ መጨመር አለበት። በ1967 ዓ.ም. ባንክና ኢንሹራንስ ሲወረስ ደግሞ የባለድርሻው ንብረት በአንድ አዋጅ ከእጁ ወጣ። ስጋት ማለት ይኸ ነው፤ መልኩ ብዙ ነው።

«እኛ የተማርን ነን» የምንል ካለን፣ ከኒውተን አንበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1720 እንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ኩባንያ አክሲዮን አትርፎ ሸጦ ነበር። ዋጋው ሲወጣ፣ ሌላው ሲከብር አየና አላስቻለውም። በውድ ተመልሶ ገዛ፤ ዋጋው ሲወድቅ ብዙ ገንዘብ ከሰረ። የከዋክብትን መንገድ ያሰላ ሰው የገዛ ጉጉቱን ማስላት አቃተው!

ጓዶች፣ ገበሬ አባቶቻችን ይኸን ያውቁታል። ዘራቸውን ሁሉ ለአንድ ማሳ አይሰጡም፤ የልጆቻቸውንም ቀለብ አይዘሩም። እኛ ግን ከቤት የተላከልንን፣ የአባታችንን በሬ ዋጋ፣ በካፌ ወሬ ልንሰጥ ተሰልፈናል! ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት የሽያጭ መግለጫውን እናንብብ። ቢጠፋ የማያስርበንን ያህል ብቻ እናውጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በገበያ ግን ያፈሰስነውን የሚለቅመው ሌላ ነው።