ፕላዝማው ለእኛ ያዋጣን ነበር?

ውድ እህቶቻችን፣ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የሰው ቤት የሠራን ሁሉ የማዳምን ፕላዝማ አቧራ እየጠረግን «ለእናቴም አንድ ልላክላት» ያላልን ጥቂቶች ነን። አገር ቤትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ስላስተማሩ ስሙ የዕድገት ምልክት ሆኖ ነበር።

ምስሉ ውብ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ፕላዝማዎች ውድ፣ ከባድና ብዙ መብራት የሚበሉ ነበሩ። አንድ ጣቢያ ብቻ ሲታይባቸው ከዋለ የጣቢያው ምልክት መስታወቱ ላይ ይቀር ነበር። ሌላም አለ፤ መስታወቱ ውስጥ ጋዝ ስለታሸገ፣ በባሕር ዳርቻዋ ዱባይ ጸጥ የሚለው ቴሌቪዥን ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ እንደ ንብ ሊጮህ ይችላል።

ስለዚህ ለማዳም አዋጥቶ ይሆናል፤ የወራት ደመወዝ፣ የካርጎና የቀረጥ ገንዘብ ለምንከፍለው ለእኛ ግን አያዋጣም ነበር።

ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 እ.ኤ.አ. ፕላዝማ መሥራት አቁመዋል። ዛሬ ያገለገለ ፕላዝማ በርካሽ ቢያቀርቡላችሁ አትቸኩሉ። ማንኛውንም ዕቃ ከመላካችሁ በፊት «እኛ አገር ይሠራል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ላባችሁን ለስም አትክፈሉ።