ስለ በዓላትና ስለ መጸዳጃ ስፍራ

ድግስ የሚያሰናዳ ቤተሰብ አስቀድሞ እህሉን ይሰፍራል፤ ጠላውን ይጠምቃል፤ ዳሱን ይጥላል። እንግዳው ከበላና ከጠጣ በኋላ ወዴት እንደሚወጣ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ለአንደበት የሚከብድ ስለ ሆነ በዝምታ ይታለፋል። እኛ ግን ዝምታው ሰው የሚጎዳ መሆኑን ስላየን፥ በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመካከር ወደድን።

ታኅሣሥ 19 ቀን በቁልቢ ገብርኤል፥ መስከረም 21 ቀን በግሸን ማርያም፥ ጥር 11 ቀንም በጃንሜዳ የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ከመካከሉም ሽማግሌው፥ ነፍሰ ጡሯና ሕፃኑ ይገኛሉ። ከለላ ያለው ስፍራ በታጣ ጊዜ ወንዱ ወደ ጫካ ዘወር ይላል፤ ሴቲቱ ግን ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ እስኪጨልምም በጭንቅ ትቆያለች።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር፥ በቋራ ወረዳ በሚገኘው በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ ገብቶ ነበር። ይህ በሽታ ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውሃና በምግብ ወደ ጤነኛው ይተላለፋል፤ የጸናበትም ሰው ፈጥኖ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ፈውስ ፈልጎ የመጣ ድውይ ሌላው በጣለው እድፍ ምክንያት ቢሞት፥ ኀዘኑ የሁላችንም ነው።

ስለዚህ ጉዳይ መናገር ነውር አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤል ከሰፈር ውጭ ስፍራ እንዲለዩ፥ መቆፈሪያ እንዲይዙና የወጣውን በአፈር እንዲከድኑ ታዝዘዋል።

በዘመናችንም ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የረድኤት መመሪያ፥ አደጋ ደርሶበት ለሚሰፍር ሕዝብ በመጀመሪያው ጊዜ ለ50 ሰው አንድ መጸዳጃ፥ ቈይቶም ለ20 ሰው አንድ እንዲሆን ይመክራል። ለወንዶች አንድ ሲሠራ ለሴቶች ሦስት ይሁን ይላል። በዚህ ስሌት አንድ ሺህ ተሳላሚ ለሚያድርበት ስፍራ ቢያንስ 20 መጸዳጃ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ 15ቱ ለሴቶች፥ 5ቱ ለወንዶች።

መኪና በሚደርስበት ሜዳ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት ይበጃል። ነገር ግን ማጠራቀሚያው ሲሞላ የሚያነሣው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ካልታሰበለት በማግስቱ የሚጠጋው አይኖርም፤ ስለዚህ መውጫ መግቢያው መንገድ አስቀድሞ ይለይ። መኪና በማይወጣበት ተራራ ደግሞ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃ በላይ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ሌሊት መብራት፥ ከበሩ አጠገብ ውሃና ሳሙና፥ በየሰዓቱም የሚያጸዳ ሰው አይታጣ።

የሰበካ ጉባኤና የበዓል ኮሚቴ አባላት ሆይ፤ ስለ ድንኳንና ስለ ድምፅ ማጉያ በምትመክሩበት ጉባኤ ይህንንም አንሡ። እናንተም ወላጆች ለጕዞ ስንቅ ስትቋጥሩ ሳሙናና የፈላ ውሃ ጨምሩ፤ የሕፃናትንም ዓይነ ምድር እንደ ቀላል ነገር በሜዳ አትጣሉ፤ በሽታን የሚያስተላልፈው እንደ አዋቂው ሁሉ ነውና። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ በዓሉ ከመድረሱ በፊት የተቆፈረ ጉድጓድ በኋላ ከሚቆፈር መቃብር ያድናል።